«እኔ አደርስሻለሁ!»፦ ስለ ደለስ ኤርፖርት መንገድ የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

ባለፈው ሰመር አክስቴ ዲሲ ሦስት ወር ከርማ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ነበር። በረራዋ ዓርብ ማታ ነው። «እኔ አደርስሻለሁ፣ ምን ችግር አለው!» አልኳት። ከቀኑ 3፡30 ላይ ከቤት ወጣን። (ሰዓቱን ሁሉ እዚህ አሜሪካ በሚቆጠርበት ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።) ሀይዌይ 66 ላይ ያለውን ቶል (የመንገድ ክፍያ) ላለመክፈል ብዬ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ዞርኩ። አራዳ የሆንኩ መስሎኝ።

ፓርክዌዩ ቆሟል። መኪናው ሁሉ ቤልትዌይ፣ ከተማውን የሚዞረው ሀይዌይ፣ ለመግባት ተሰልፏል። አክስቴ ከኋላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታያለች። ከብዙ ዝምታ በኋላ «በእግር ብንሄድ አይሻልም ነበር?» አለች። የምትቀልድ አልመሰለኝም። እንደምንም ደረስን። ሻንጣ መቀበያው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ደለስ መንገድ የሚወራውን እያጣራሁ ነው። ሰው የሚለኝን አንድ በአንድ ላስቀምጠው።

«የዋሽንግተን ኤርፖርት አይደል? ቅርብ ነው»

ስሙ ዋሽንግተን ይላል እንጂ ያለው ቨርጂኒያ ነው። ከዲሲ መሃል 26 ማይል ገደማ ይርቃል፤ በኪሎሜትር 42 ያህል። በ1962 ሲከፈት ዙሪያው የእርሻ መሬት ነበር።

ቅርቡ ሬገን ናሽናል ነው፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው። ግን ከውጭ አገር የሚመጣ መንገደኛን የሚፈትሽ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ እዚያ የለም። በዚያ ላይ ከ1,250 ማይል በላይ የሚርቅ በረራ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በስተቀር ከሬገን አይነሳም። ሕግ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ደለስ ነው የሚያርፈው።

ይህ ለምን ያሳስባል? ከሌላ ስቴት በዲሲ በኩል የሚያልፍ ሰው አንዳንዴ ትኬቱ ላይ ሬገን አርፎ ከደለስ እንዲነሳ ይደረግበታል። ኮዱን እዩ። ሬገን «ዲ ሲ ኤ» ነው፣ ደለስ «አይ ኤ ዲ»። ሁለቱ ከተምታቱ ከሬገን በሜትሮ፣ በዲሲው የከተማ ባቡር፣ ብሉ ላይን ይዞ ሮስሊን ጣቢያ ድረስ ሄዶ እዚያ ወደ ደለስ የሚወስደውን ሲልቨር ላይን መቀየር ይቻላል። ለዚህ ግን ሰፊ ሰዓት ያስፈልጋል። አገር ቤት ያለው ዘመድ ደግሞ «ደለስ» ሲባል የቴክሳሱን ዳላስ ይሰማል። በስልክ ስትነግሩት «ቨርጂኒያ» የምትለዋን ጨምሩባት።

«በመኪና ሁልጊዜ ይፈጥናል»

መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ አዎ። እሁድ ማለዳ ከዲሲ መሃል አርባ ደቂቃ ይበቃል። ዓርብ ከሰዓት ግን የእኔንና የአክስቴን ታሪክ ሰምታችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አቅጣጫው ነው። ጠዋት መኪናው የሚጎርፈው ከቨርጂኒያ ወደ ዲሲ ነው። ደለስ የሚሄድ ሰው በተቃራኒው ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ረፋድ 11 ላይ ለሚነሳ በረራ ከዲሲ በ7 ሰዓት ብትወጡ መንገዱ ብዙ አያስቸግርም። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ከ3 እስከ 7 ሰዓት ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሁሉ እናንተ በምትሄዱበት አቅጣጫ ነው።

ባቡሩ ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው። ከሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ደለስ ድረስ 53 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ አይደለም። መቼ እንደምደርስ ከቤት ሳልወጣ ማወቄ ነው።

«ኤርፖርት ስለምንሄድ ቶል አንከፍልም»

ይህ በግማሽ እውነት ነው። ጣጣውም ከዚያው ግማሽ ይመጣል።

እውነቱ ግማሽ ይህ ነው። ወደ ደለስ የሚወስደው መንገድ ሁለት መንገድ በአንድ ላይ ነው። መሃል ለመሃል የሚሄደው የኤርፖርቱ መንገድ፣ ደለስ አክሰስ ሮድ የሚባለው፣ ነጻ ነው። ግራና ቀኙን የያዘው ደግሞ ቶል ሮድ ነው። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ዋናው መክፈያ ላይ 4 ዶላር፣ መግቢያና መውጫዎቹ ላይ 2 ዶላር ሆኗል። ኤርፖርት እየሄዳችሁ የቶሉን መስመር ከያዛችሁ ትከፍላላችሁ። «ደለስ ነው የምሄደው» ማለት ከመክፈል አያድንም። ስለዚህ ለኤርፖርት ተጓዥ ብቻ የሚለውን ምልክት ተከተሉ። ነጻው መንገድ ግን አንዴ ከተገባበት ወደ ምዕራብ ሲሄዱ እስከ ኤርፖርቱ መውጫ የለውም። ሬስተን ላይ ወረድ ብዬ ቡና ልግዛ ብሎ ነገር የለም።

ሌላው ግማሽ ሀይዌይ 66 ነው፣ ከቤልትዌይ ወደ ዲሲ ያለው ክፍል። ድሮ እዚያ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻውን የሚነዳ ሰው አይፈቀድለትም ነበር፤ የደለስ መንገደኛ ግን ይፈቀድለታል። እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ይህን ያስታውሳል። አስታውሶም ለአዲስ መጪው ይነግራል። ችግሩ ያ ፈቃድ በዲሴምበር 2017 ቶሉ ሲጀመር መቅረቱ ነው። አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ከ5፡30 እስከ 9፡30 ወደ ዲሲ ለሚገባ፣ ከሰዓት ከ3 እስከ 7 ከዲሲ ለሚወጣ ይከፈላል። ዋጋው ቋሚ አይደለም። መንገዱ ሲጨናነቅ ይንራል። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ የወቅቱን ዋጋ ስለሚያሳይ አይታችሁ ወስኑ።

«ሦስት ከሆንን ነጻ ነው» የሚለውም አለ። ልክ ነው፣ ሕፃንም ይቆጠራል። ከዲሴምበር 2022 በፊት ሁለት ሰው ይበቃ ነበር፣ አሁን ሦስት ሆኗል። ግን ተራው ኢዚፓስ፣ መኪና ላይ የሚለጠፈው የቶል መክፈያ፣ አይበቃም። ፍሌክስ የሚባለው መኖር አለበት፣ መቀየሪያውም «ኤች ኦ ቪ» (ብዙ ሰው የጫነ መኪና) የሚለው ላይ መሆን አለበት። መኪናው ውስጥ አምስት ሰው ተጨናንቆ፣ መቀየሪያውን መንካት ተረስቶ ሙሉ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ እኔው ነኝ።

«ዘመድ ካደረሰ ነጻ ነው»

ለተጓዡ፣ አዎ። ሂሳቡ ወደ ሌላ ሰው ነው የሚዞረው።

ከላይ ያለውን የ66 ሰዓት መልሳችሁ እዩት። ጠዋት ወደ ደለስ ሲኬድ ቶል የለም። ሸኚው ተሰናብቶ፣ አልቅሶ፣ ዓይኑን ጠራርጎ ከ9፡30 በፊት ወደ ዲሲ ሲመለስ ግን ቶሉ ይጠብቀዋል። ሲሄዱ ሦስት ነበሩ፣ አንዷን ሸኝተው ሁለት ቀሩ። ነጻ የሚያደርገውን ሰው አውሮፕላን ላይ አሳፍረውታል ማለት ነው! ሸኚው ሜሪላንድ የሚኖር ከሆነና ከሰዓት ከተመለሰ ደግሞ ቤልትዌይ ፖቶማክን የሚሻገርበት የአሜሪካን ሊጅን ድልድይ አለበት። ወደ ሜሪላንድ በሚሻገረው በኩል ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

መሸኘት ይቅር አልልም። የእኛ ሰው ሳይሸኝ አይሆንለትም፣ እኔም አይሆንልኝም። ግን ኤርፖርት ድረስ መንዳት ግድ አይደለም። ሸኚው እስከ አንድ የሲልቨር ላይን ጣቢያ ያድርስ። ኢስት ፎልስ ቸርች ወይም ዊሊ ሬስተን ኢስት ይሆናል። ሻንጣውን አብሮ እስከ ባቡሩ ይግፋ። መሳሳሙ እዚያው መድረኩ ላይ ይቻላል።

«ባቡሩ እዚያ አይደርስም፣ አውቶቡስ መቀየር ነው»

ይህ ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው። በ2014 ሲልቨር ላይን ሲከፈት ዊሊ ሬስተን ኢስት ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በአውቶቡስ ነበር የሚኬደው። ኖቬምበር 15 ቀን 2022 ባቡሩ ደለስ ገባ። ከጣቢያው ወደ ተርሚናሉ በምድር ስር መተላለፊያ ነው የሚኬደው፤ የሚንቀሳቀስ ወለል ስላለ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ባቡሩ ደለስ ላይ አያበቃም። ፊቱ ላይ የሚጻፈው «አሽበርን» ነው፣ ከኤርፖርቱ ሁለት ጣቢያ ያልፋል። እንቅልፍ ከወሰዳችሁ መንቂያችሁ አሽበርን ነው።

ዋጋውስ? በ2024 በወጣው ታሪፍ በሥራ ቀን ረጅሙ ጉዞ 6 ዶላር ከ75 ሴንት ነው። ቅዳሜና እሁድ ቢበዛ 2 ዶላር ከ50። ለሻንጣ ተጨማሪ አይከፈልም።

«በሁለት ሻንጣ ባቡር አይታሰብም»

እዚህ ላይ ሰው ብዙም አልተሳሳተም። ኢኮኖሚ የሚሄድ መንገደኛ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይፈቀድለታል። የእኛ ሰው 23 ከተፈቀደ 22 አይጭንም። ቫይታሚኑ፣ ሎሽኑ፣ ለሙሽራዋ የተገዛው ጫማ፣ «እግረ መንገድሽን አድርሺልኝ» ተብሎ የመጣው ፌስታል ሁሉ አለ። አርባ ስድስት ኪሎ ይዞ ከሬድ ላይን ወደ ሲልቨር ላይን መቀየር ለብቻው ለሚጓዝ ትልቅ ሰው ሥራ ነው። ሜትሮ ሴንተር ላይ ሬድ ላይን ከላይ፣ ሲልቨር ላይን ከታች ነው። ሊፍት አለ። ሊፍቱ ተበላሽቶ የሚገኝበት ቀንም አለ።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አንድ ሻንጣ ያለው ወጣት በባቡር ይሂድ። አክስቴን የመሰለች ደግሞ ጠዋት ከሆነ በመኪና፣ ከሰዓት ከሆነ አንድ ሰው አብሯት በባቡር። ወይም በጣም ቀደም ብሎ በመኪና፣ ከ3 ሰዓት በፊት። አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ኡበር ሊያዋጣ ይችላል፤ አራት ሰውና ስምንት ሻንጣ ከሆነ ግን ትልቁን መኪና ነው መጥራት። ትንሹ መጥቶ ሻንጣው አልገባ ሲል የሚባክነው ጊዜ ነው።

ለሊት ደግሞ ባቡር የለም። በሥራ ቀን ጠዋት 5 ላይ ይጀምራል፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል፤ ዓርብ ግን ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ቅዳሜና እሁድ ሰዓቱ የተለየ ነው። ሐዲድ ጥገና ሲኖር ደግሞ መሃል ላይ አውርደው አውቶቡስ ያሳፍራሉ። ከመውጣታችሁ በፊት የሜትሮን ገጽ አንዴ እዩ።

«በረራው 11 ሰዓት ነው»

በየትኛው አቆጣጠር? ትኬቱ ላይ ያለው 11 ረፋዱ ነው፣ በእኛ 5 ሰዓት። ከአገር ቤት ለጉብኝት ለመጡ እናትና አባት «11 ላይ ነው» ብላችሁ ሥራ ከሄዳችሁ፣ እነሱ አመሻሹን እያሰቡ ቀስ ብለው ቁርስ ይበላሉ። ወረቀት ላይ በሁለቱም ጻፉላቸው። ጽሑፉን በአንድ አቆጣጠር ብቻ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

«ከኒውዮርክ በኩል ይረክሳል»

ትኬቱ ሊረክስ ይችላል። ከዲሲ ኒውዮርክ ግን በአውቶቡስ አራት ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ቀን ጥሩ ቀን ነው። አውቶቡሱ ቢዘገይ አየር መንገዱን አያገባውም፣ ሁለቱ የተለያዩ ትኬቶች ናቸው። በረራው ከኒውአርክ ከሆነ ይሻላል፤ ከዲሲ ዩኒየን ስቴሽን የሚነሱ አንዳንድ የአምትራክ ባቡሮች ኤርፖርቱ ጣቢያ ላይ ይቆማሉ። ኬኔዲ ከሆነ ግን ማንሃተን ወርዶ እዚያው ኒውዮርክ ወዳለው ጃማይካ የሚባል ጣቢያ ባቡር ይዞ፣ ከዚያ የኤርፖርቱን ባቡር፣ ኤርትሬንን፣ መቀየር ነው። በሁለት ሻንጣ። የተረፈችውን መቶ ዶላር እዚያው መንገድ ላይ ትጨርሷታላችሁ።

«ለመቀበል አውሮፕላኑ ሲያርፍ በሩ ላይ መድረስ ነው»

አውሮፕላን አረፈ ማለት ሰው ወጣ ማለት አይደለም። ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ጉምሩክ አለ። መውጫው ጋ መኪና አቁሞ መጠበቅ አይፈቀድም፣ ፖሊስ ያባርራል። ሲዞሩ ከመዋል ደለስ ላይ ስልክ እስኪደወል የሚጠበቅበት ነጻ ማቆሚያ አለ። እዚያ ተቀምጣችሁ ቡናችሁን ጠጡ። የሚመጣው ሰው የአሜሪካ ሲም ባይኖረውም በኤርፖርቱ ነጻ ዋይፋይ በቴሌግራም ይደውላል።

አክስቴ ዘንድሮ ስትመጣ እንዲሁ አደረግሁ። ማቆሚያው ውስጥ ሆኜ ስጠብቅ ደወለች። «ወጥቻለሁ!» አለች። ሞተር አስነስቼ በረርኩ፣ መውጫው ጋ ደረስኩ፣ የለችም። ፖሊሱ እጁን አወዛወዘብኝ። አንድ ዙር ዞሬ መልሼ ደወልኩላት።

«የት ነሽ?»

«ወጥቻለሁ አልኩህ እኮ፣ ከአውሮፕላኑ።»