ፈጥነው የሚያፀግብሩ ኬሚካሎች፦ መሠረታዊ ሳይንሳቸውና በአዳማ ዙሪያ ያላቸው ቦታ

ፈጥነው የሚያፀግብሩ ኬሚካሎች የሚባሉት ከአየር፣ ከውኃ፣ ከሙቀት ወይም ከሌላ ኬሚካል ጋር ሲገናኙ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ሌላ ነገር የሚለወጡ፣ በለውጡም ሙቀት፣ ጋዝ ወይም እሳት የሚያወጡ ንጥረ ነገሮችና ውህዶች ናቸው። ይህ ዳሰሳ በአዳማና በዙሪያዋ በሥራ ላይ ያሉትን ያስቀድማል። ከተማዋ የከባድ መኪና ጋራዦችን፣ በቅርብ ርቀት የአሲድ ፋብሪካን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተውን የዛሬውን አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት የያዘች በመሆኗ ጉዳዩን ከቅርብ ለማየት የምትመች ናት።

በአፀግብሮት ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይታያሉ፦ የሚወጣው ጉልበት መጠንና የሚወጣበት ፍጥነት። ብዙ ጊዜ የሚምታቱትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንድ ኪሎ የማንደጃ ከሰል ተቃጥሎ ሲያልቅ ወደ 30 ሚሊዮን ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል፤ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ግን የሚሰጠው ከ5 ሚሊዮን በታች ነው። ከሰሉ ቡና የሚያፈላው፣ ፈንጂው ግን ሕንፃ የሚያፈርሰው በፍጥነት ልዩነት ነው። ከሰል ኦክስጅንን ከአየር ቀስ እያለ ሲስብ፣ ቲኤንቲ ኦክስጅኑን በራሱ ሞለኪውል ውስጥ ይዞታል። ፍጥነቱን የሚወስነው በዋናነት መነሻ ጉልበቱ፣ ማለትም ለውጡ እንዲጀመር መታለፍ ያለበት መጠን ነው። ሙቀት ሲጨምር ይህን መጠን የሚያልፉ ሞለኪውሎች ይበዛሉ፤ በብዙ አፀግብሮቶች ላይ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ባለበት ከተማ ኬሚካል በቆርቆሮ መጋዘን ሲቀመጥ ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

የንጥረ ነገሮቹ ጠባይ ደግሞ ከኤሌክትሮኖቻቸው አቀማመጥ ይመነጫል። ሶዲየምና ፖታሲየም በውጨኛው ምህዋራቸው ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮን በቀላሉ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ዘይት ውስጥ ተነክረው ይቀመጣሉ። ውኃ ውስጥ ሲገቡ የሚፈነዱበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን መቀጣጠሉ ነው ሲባል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የቼክ ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ባደረጉት ሙከራ ግን ፍንዳታውን የሚያስጀምረው ሌላ ነገር መሆኑን አሳይተዋል። ኤሌክትሮኖቹ ከብረቱ በቅጽበት ሲወጡ የቀሩት አዎንታዊ አየኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጡት አቶሞች፣ እርስ በርስ ተገፋፍተው ብረቱን ይበታትኑታል።

በሌላው ጫፍ ያለው ፍሎሪን ነው፤ ከንጥረ ነገሮች ሁሉ በማፀግበር የሚበረታው እሱ ነው። ሁለቱን የፍሎሪን አቶሞች የሚያስተሳስረው ማሰሪያ ደካማ ሲሆን ከሌሎች ጋር የሚፈጥረው ግን እጅግ ጠንካራ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻውን ለመለየት ሲሞከር ብዙዎችን ጎድቶ፣ በመጨረሻ ፈረንሳዊው አንሪ ሟሳን እ.ኤ.አ. በ1886 ተሳካለት። በተፈጥሮ ፍሎሪን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገኘው ተዋህዶና ተረጋግቶ ፍሎራይድ ሆኖ ነው። ለአዳማ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም፤ በአቅራቢያው ባለችው ወንጂ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር አልፎ የብዙ ነዋሪዎችን ጥርስ አበላሽቷል፣ አጥንትም ጎድቷል። ፍሎራይዱ ከውኃው ጋር የማይተን በመሆኑ በማፍላት አይወገድም።

በአካባቢው ከሁሉ ይበልጥ ክብደት ያለው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ የአዋሽ መልካሳ አልሙኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ይገኛል። አሲዱ የሚሠራበት መንገድ የዚህን ዳሰሳ ርዕስ ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ነው። መጀመሪያ ድኝ ተቃጥሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ተጨማሪ ኦክስጅን መያዝ ቢችልም በራሱ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ስለዚህ ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በቫናዲየም ፔንቶክሳይድ ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል። ቫናዲየሙ መነሻ ጉልበቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ በመጨረሻ አይጠፋም። የሚገኘው ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ወደ ውኃ በቀጥታ አይገባም፤ ቢገባ ሙቀቱ አሲዱን ወደ ጉም ይለውጠዋል፣ ጉሙም በቀላሉ አይያዝም። በ98 በመቶ አሲድ ውስጥ ተውጦ ከዚያ በኋላ ነው በውኃ የሚስተካከለው። የባትሪ አሲድ የሚያቀጥን ሁሉ አሲዱን ወደ ውኃው ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ውኃውን ወደ አሲዱ ፈጽሞ አይጨምርም የሚባለውም በዚሁ ሙቀት ምክንያት ነው፤ ቀላሉ ውኃ ከላይ ሆኖ በቅጽበት ፈልቶ አሲዱን ፊት ላይ ይረጨዋል።

ከዚህ ኃይለኛ አሲድ የሚወጣው አልሙኒየም ሰልፌት ግን ለመጠጥ ውኃ ማጣሪያ የሚውል ገራም ነጭ ጨው ነው። የደፈረሰ ወንዝ ውኃ ውስጥ ሲገባ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት (ቻርጅ) ያላቸውን የሸክላ ቅንጣቶች ያረጋጋቸዋል፤ ተጣብቀው፣ ከብደው ይዘቅጣሉ። የአዋሽን ውኃ የሚጠጣ ከተማ ይህን የአካባቢውን ምርት በኩራት ሊያነሣው ይገባል።

ሁለተኛው ትልቅ ርዕስ ካርባይድ ነው። በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ መኪኖች በሚጠገኑበት ከተማ የጋዝ ብየዳ የዕለት ሥራ ነው። ካልሲየም ካርባይድ ውኃ ሲነካው አሴቲሊን ጋዝ ይሰጣል፣ የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ኖራ ነው። ከአንድ ኪሎ ጥሩ ካርባይድ ወደ 300 ሊትር ጋዝ ይገኛል፤ ከኦክስጅን ጋር ሲነድም ነበልባሉ ከ3,000 ዲግሪ ያልፋል። አሴቲሊን ከሌሎች ነዳጆች የሚለየው ሞለኪውሉ ራሱ ጉልበት ታጭቆበት በመሆኑ ነው። ያለ ምንም ኦክስጅን ወደ ካርቦንና ሃይድሮጅን ተበታትኖ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ብቻውን ከ1 ባር ብዙም በማያልፍ ግፊት ብቻ ነው የሚሠራበት፤ በቦምቦላ የሚሸጠውም ቀዳዳ በበዛበት ጠጣር ውስጥ አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ሟሙቶ ነው። ቦምቦላው ተጋድሞ ሥራ ላይ ቢውል አሴቶኑ አብሮ ይወጣል። የመዳብ ቱቦ ለዚህ ጋዝ አይሆንም፤ ከመዳብ ጋር ሲነካ በትንሽ ምት የሚፈነዳ ውህድ ይሠራል። የኦክስጅኑ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያው) ደግሞ ግራሶም ዘይትም መንካት የለበትም፣ በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን ቅባትን ያለ ክብሪት ያቀጣጥላልና። በያጆች ይህን እንደ ሕግ ይዘውት ቢሠሩ ይመረጣል።

ፍራፍሬ ለማብሰል ካርባይድ መጠቀም ስለሚያስከትለው ጉዳት የሚባለው ሁሉ በአንድ ደረጃ የተረጋገጠ አይመስልም፤ ለብየዳ በሚሸጠው ካርባይድ ውስጥ የአርሴኒክና የፎስፎረስ ርዝራዥ መኖሩ ግን የታወቀ ነው፣ ለምግብ አይሆንም።

በየቤቱ ያለው በረኪና የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሙሙት ነው። ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጂየሟ ኢፕር በጦርነት የተለቀቀው ይኸው ጋዝ ነው። የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ብዙ ጊዜ አሲድ በመሆኑ ሁለቱ በአንድ ባልዲ አይደባለቁም። ክሎሪን ከአየር ወደ 2.5 እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሽታው የተሰማው ሰው በሩን ከፍቶ ቶሎ ወደ ውጭ መውጣት፣ ሕፃናትንም ከመሬት ማንሳት አለበት። በረኪና በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ይዳከማል፤ ስለዚህ በአዳማ በጥላ ሥር፣ ከባትሪ አሲድ ርቆ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።