ጉዝጓዝ ጨው አይመጥም፤ ታዲያ ምን ያደርጋል?

ክረምቱ ወጥቶ የመስኖ ወቅት ሲገባ ምክሩም አብሮ ይጀምራል። በደንቢያም ሆነ እዚሁ ጎንደር ከተማ ጓሮው ውስጥ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው መደቡ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ካየ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የአፈር ሐኪም ይሆንበታል።

«ጭድ አልብሰው፣ ጨዉን መጦ ያወጣልሃል።»

አያወጣም። ፀሐይ የላይኛውን አፈር ስታደርቀው የታችኛው እርጥበት ወደ ላይ ይሳባል፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን ስለማይተን እዚያው ይቀራል። ጉዝጓዝ፣ ማለትም አፈሩ ላይ የሚነጠፍ ሽፋን፣ ጭድም በሉት የቃጫ ጆንያ የሚሠራው ትነቱን መቀነስ ነው፣ ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ሌላም ጥቅም አለው። አፈሩ በደረቀ ቁጥር በቀረችው ትንሽ ውሃ ውስጥ ጨው ይበረታል፣ ተክሉም ውሃ ሥሩ ሥር እያለ ይጠወልጋል፤ ከላይ ከተጎዘጎዘ ግን እርጥበቱ ይቆያል። የተጠራቀመውን ጨው ለማስወገድ ከሰብሉ ፍላጎት ተረፍ አድርጎ ማጠጣትና ትርፉ የሚወጣበት ቦይ መቅደድ ግድ ነው። ቦይ በሌለው መረሬ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላ አፈር) ላይ ውሃ ማብዛት ጭራሽ ማባባስ ነው። አዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራ አካባቢ ሰፊ የመስኖ መሬት በጨው የተጎዳው ውሃው መውረጃ አጥቶ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ስላለ ነው።

«ኖራ በትንበት።»

ኖራ የአሲዳማ አፈር መድኃኒት ነው። እኛ ደጋ ላይ ብዙ የሚወራው ስለ አሲዳማ አፈር ስለሆነ ይመስለኛል ሁለቱ የሚምታቱት። ከጨው ውስጥ ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ለበዛበት አፈር የሚጨመረው ጂፕሰም የሚባል ማዕድን ነው፤ የእናንተ አፈር ሶዲየም የበዛበት ይሁን አይሁን በዓይን አይለይምና አስመርምሩት።

«ጆንያ ሁሉ ያው ነው።»

አይደለም። የማዳበሪያው ከረጢት ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ክር ክር እያለ ይበጣጠስና መደቡ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ለቃሚው እናንተ ናችሁ።

«ጭድ የአፈሩን ናይትሮጅን ይበላል።»

ከአፈሩ ጋር ካደባለቃችሁት እውነት ነው፣ እስኪበሰብስ ድረስ። ከላይ ከተጎዘጎዘ ግን ያን ያህል አያሳስብም። የኔ ሐሳብ ሌላ ነው፦ የጤፍ ጭድ ከብት የሚበላው፣ ለምርጊት የሚፈለግ ውድ ነገር ነው። የተቆራረጠ የማሽላ አገዳ ወይም ዘር ያልያዘ ደረቅ ሣር ይበቃል። መጀመሪያ አጠጡ፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ጎዝጉዙ፤ ግንዱን አታስነኩት፣ ይበሰብሳል።

«ከተጎዘጎዘ የፈለግኩትን እዘራለሁ።»

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የአፈር ጨው በዴሲሲመንስ በሜትር ይለካል፤ 4 ሲደርስ ጨዋማ ይባላል። ካሮትና ፎሶሊያ ግን ገና 1 ሲያልፍ፣ ሽንኩርት 1.2 ላይ ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል። ቲማቲም እስከ 2.5፣ ቀይ ሥር እስከ 4፣ ገብስ እስከ 8 ይችላል። ነጩ በታየበት መደብ ዘንድሮ ካሮቱን ተዉትና ቀይ ሥር ሞክሩ።