የቪክቶሪያ ዘመን የተከለከለ ፍቅር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አጼ ቴዎድሮስ ደብዳቤ በጻፉላቸው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901) የሚተረኩ የፍቅር ልብ ወለዶችን አጥብቄ እወዳለሁ። የሚደጋገሙባቸው ስሕተቶች የሚቆረቁሩኝም ለዚህ ነው። ፍቅረኞቹን ያሰራቸው ምን እንደነበር ካላወቅን ነፃነታቸውን በምን ዋጋ እንደገዙት አይገባንም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“የዘመኑ ሰዎች ስሜት አልባ ነበሩ”

ለጨዋነት ሲሉ የፒያኖ እግር ሳይቀር ጨርቅ ያለብሱ ነበር ይባላል። ወሬው የተነሣው ፍሬድሪክ ማርያት የተባለ እንግሊዛዊ ስለ አሜሪካ ጉዞው በ1839 ካሳተመው መጽሐፍ ነው፤ የተረከውም እዚያው አሜሪካ ስላለ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 15 ቀን ልዑል አልበርትን ለጋብቻ የጠየቁት ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ናቸው።

“ያለ አባት ፈቃድ ማግባት አይቻልም ነበር”

በእንግሊዝ የወላጅ ፈቃድ ሕጋዊ ጉልበት የነበረው ልጆቹ 21 ዓመት እስኪሞላቸው ነው። ከዚያ በታች የሆኑት ድንበር ተሻግረው በስኮትላንዷ ግሬትና ግሪን መንደር ይጋቡ ነበር። ከ1856ቱ ሕግ በኋላ ግን ቢያንስ አንዳቸው አስቀድመው ስኮትላንድ ውስጥ 21 ቀን መኖር ነበረባቸው። በ1870 ሌሊቱን ጠፍተው ጠዋት ግሬትና ግሪን የሚጋቡ ጥንዶች ካጋጠሟችሁ ደራሲው ሕጉን አላየውም።

ከ21 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚከብደው የአባት ቁጣ ነበር። ገጣሚዋ ኤልዛቤት ባሬት ሮበርት ብራውኒንግን በ1846 ለንደን ውስጥ በድብቅ ስታገባ 40 ዓመቷ ነበር። ሕግ አላገዳትም። አባቷ ግን ከውርስ ነቀላት፤ ከጣሊያን የላከችለትንም ደብዳቤዎች ሳይከፍት መለሰላት።

“ፍቺ የሚባል ነገር አልነበረም”

ነበረ፤ ግን ለማን? እስከ 1857 ድረስ ተፋትቶ ሌላ ለማግባት ፓርላማው ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ሕግ ማውጣት ነበረበት። በዚህ መንገድ የተሳካላቸው ሴቶች አራት ብቻ ናቸው። በ1857 ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲዛወርም ሚዛኑ አልተስተካከለም። ባል የሚስቱን ምንዝር ካስረዳ ይበቃዋል፤ ሚስት ግን ከምንዝሩ ጋር ጭካኔን፣ ጥሎ መሄድን ወይም ሌላ በደልን ደርባ ማስረዳት ነበረባት። ይህ እስከ 1923 ዘለቀ።

ስለዚህ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር የምትመጣብኝ ደራሲዋ ካሮላይን ኖርተን ናት። በ1836 ባሏ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሎርድ ሜልበርን ጋር አመንዝራለች ብሎ ሜልበርንን 10,000 ፓውንድ ካሳ ጠየቀ። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ክሱን ውድቅ አደረጉት። እሷ ግን የክርክሩ ወገን ስላልሆነች ስለ ራሷ ክብር ቃሏን የምትሰጥበት ዕድል አልነበራትም። ሦስቱን ወንዶች ልጆቿን ባሏ ወሰዳቸው፤ ሕጉም ልጅ የአባት ነው ይል ነበር። በብዕሯ ከፓርላማው ጋር ታገለች፤ በ1839 እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ እንድትጠይቅ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ባሏ ልጆቹን ሕጉ ወደማይደርስበት ስኮትላንድ አሻገራቸው። ትንሹ ልጇ ዊሊያም በ1842 ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ጽፋ የምታገኘው ገንዘብ እንኳ በሕግ የባሏ ነበር፤ ያገባች ሴት የሠራችበትን የራሷ ማድረግ የቻለችው ከ1870 ጀምሮ ነው።

“የተከለከለ ፍቅር ማለት የሀብታምና የድሃ ፍቅር ነው”

ልብ ወለዶቹ ጌታውንና ገረዷን ይወዳሉ። የእነሱን ጋብቻ ግን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ሕግ የከለከለው ለምሳሌ የሟች ሚስትን እህት ማግባትን ነው፤ ከ1835 እስከ 1907 እንዲህ ያለው ጋብቻ ፈራሽ ነበር። ሠዓሊው ዊሊያም ሆልማን ሀንት የሟች ሚስቱን እህት ኢዲትን ለማግባት በ1875 ስዊዘርላንድ ድረስ መሄድ ነበረበት።

“ሳይጋቡ የኖሩ ሁሉ ከሰው ተቆርጠው ቀሩ”

ጆርጅ ኤሊየት በሚል የብዕር ስም የምናውቃት ደራሲ ሜሪ አን ኢቫንስ ሚስቱን መፍታት ካልቻለው ከጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር ከ1854 እስከ ሞተበት እስከ 1878 አብራ ኖራለች። በ1877 የንግሥቲቱ ልጅ ልዕልት ሉዊዝ ልታገኛት ፈልጋ ጠይቃለች። የሜሪ አን ወንድም አይዛክ ግን ከ20 ዓመት በላይ አኩርፏት ኖረ። የእንኳን ደስ አለሽ ደብዳቤው የደረሳት በ1880፣ ሌላ ሰው በሕግ ስታገባ ነው።