የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ለምን ይሰፋል?

ፎቶ ማንሳት የምንለማመድ ሰዎች ደጋግመን ግራ የምንጋባው፣ ኤፍ 2 ከኤፍ 8 የበለጠ ብርሃን እንዴት ሊያስገባ ይችላል በሚለው ጥያቄ ነው። የኤፍ ቁጥር ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ መጠን የሚያመለክት ቢሆንም፣ ራሱ የቀዳዳው ስፋት ሳይሆን አካፋይ ነው፤ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (በሌንሱ ላይ በሚሊሜትር የሚጻፈው ቁጥር) ለእርሱ ሲካፈል የቀዳዳው ዲያሜትር ይገኛል። ስለዚህ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ ኤፍ 2 ማለት 25 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ ሲሆን፣ ኤፍ 8 ግን ከ6 ሚሊሜትር በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ ነው፤ የሚገባው ብርሃንም በ16 እጥፍ ያንሳል። ይህ ስሌት በየትኛውም ሌንስ ያው ነው።

እንደ ሁኔታው የሚለዋወጠው ካተኮርንበት ነገር ፊትና ኋላ ያለው የሚደበዝዝበት መጠን ነው። በኤፍ 2 የሰውን ፊት በጣም ቀርበን ስናነሳ ዓይኑ ጠርቶ ጆሮው ሊደበዝዝ ይችላል፤ በዚያው ቁጥር ሩቅ ተራራ ላይ ስናተኩር ግን ከግርጌ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል።