ኬክ ይዞ መብላት ለምን አይቻልም?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዩ ካንት ሃቭ ዩር ኬክ ኤንድ ኢት ኢት ቱ» ይላሉ። ቃል በቃል ሲፈታ «ኬክ ኖሮህ ልትበላውም አትችልም» ነው። መጀመሪያ ስሰማው ግራ ገባኝ። ኬክ የሌለው ሰው ምኑን ይበላል? ኖሮት አይደል የሚበላው?

ችግሩ ያለው «ሃቭ» የሚለው ግስ ላይ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ቁርስንም ቡናንም «ሃቭ» ይላሉ፤ በላሁ፣ ጠጣሁ ለማለት ነው። በእኛ ግን «ቁርስ አለህ?» እና «ቁርስ በላህ?» ፈጽሞ አይገናኙም። እዚህ አባባል ውስጥ «ሃቭ» ማለት ሳይነኩ ማቆየት ነው። ስለዚህ መልእክቱ፦ ወይ ብላው፣ ወይ አስቀምጠው፤ ሁለቱንም አታገኝም።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ሄይውድ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የምሳሌያዊ አነጋገር መጽሐፉ ላይ «ኬክህን በልተህ ኬክህም እንዲኖርህ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መብላቱ ሲቀድም ነገሩ ቁልጭ ይላል፤ የተበላ ኬክ የለምና። «ሃቭ» የሚቀድምበትም አነጋገር ጥንታዊ ነው፤ የኖርፎክ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1538 ለእንግሊዝ ንጉሥ ሹም ለቶማስ ክሮምዌል በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ዛሬ የሚዘወተረው ይኸኛው ነው፤ ለእኔ ግን የሄይውድ ይበልጣል።

የቅደም ተከተሉ ነገር አንድ ነፍሰ ገዳይ እስከማጋለጥ ደርሷል። «ዩናቦምበር» የተባለው አሜሪካዊ ቴድ ካዚንስኪ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1995 በቦምብ 3 ሰዎች ገድሎ 23 አቁስሏል። በመስከረም 1995 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ያተመለት ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አባባሉን በሄይውድ መልክ፣ መብላቱን አስቀድሞ ጽፎት ነበር። ወንድሙ ዴቪድ ሐሳቡንና አጻጻፉን ጠርጥሮ አሳወቀ። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) መርማሪዎች የቤተሰቡን ደብዳቤዎች ሲያመሳክሩ ያው ያልተለመደ ቅደም ተከተል እዚያም ተገኘ። ካዚንስኪ በሚያዝያ 1996 ሞንታና ውስጥ ከጎጆው ተያዘ። ማስረጃው ይህ ብቻ አልነበረም፤ ቢሆንም ሰው ከልጅነቱ የለመደው አነጋገር እንደ ጣት አሻራ እንደሚከተለው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ወደ አማርኛ ሲመልሱት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉ አሉ። አልስማማም። እሷ ተጨማሪ ስትመኝ የያዘችውን ነው ያጣችው፤ የእንግሊዞቹ ኬክ ግን አንድ ነው፣ የሚያጠፋውም ራሱ መብላቱ ነው። የፈረንሳዮቹ ይቀርበዋል፦ «ቅቤውንም የቅቤውንም ገንዘብ» መፈለግ። ገበያ ወጥቶ ቅቤ የሸጠ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። እኔ ለሰው ሳስረዳ «ላሙን አርዶ ወተት መጠበቅ» እላለሁ፤ መታረዷ ስለሚቀድም ማንም አይሳሳተውም።