ባሌስትራን በሞላ መቀየር ምንድን ነው?

ከእንጦጦ ተራራ ማዶ፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ ድርቆሽና ወተት የሚያመላልሱ አሮጌ ፒክአፖች ዛሬም አሉ። የአጎቴ ቶዮታ ሃይሉክስ ከእነርሱ አንዱ ነው። ጭነት ሲኖረው ጨዋ ነው፤ ባዶውን ኮረኮንች ላይ ሲወጣ ግን ኋላው እንደ ፍየል ይዘላል፣ አጎቴም ወገቡን ይዞ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት «ይህን ባሌስትራ አውጥተን ሞላ እናስገባለት» አለ፤ ሞላ ያለው እንደ ምንጭ የተጠቀለለውን ክብ ብረት ነው። ሲናገረው ጎማ የመቀየር ያህል ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚያስበው ነው ይህን የምጽፈው።

ባሌስትራ ርዝመታቸው እያጠረ የሚሄድ፣ በመጠኑ የጎበጡ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው መሃላቸው ላይ በቡሎን የታሰሩበት ነው። ቃሉን ከጣልያኖች ወስደነዋል፤ በእነርሱ ቋንቋ የቀስት ዓይነት መጠሪያ ነው፣ ቅርጹን ላየ ሰው ስሙ አይገርመውም። ዋናው ብረት ሁለት ጫፎቹ እንደ ቀለበት የተጠቀለሉ ናቸው። የፊተኛው ጫፍ ከሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ ጋር በጽኑ ይያያዛል። የኋለኛው ግን በሚወዛወዝ ማያያዣ ይንጠለጠላል፤ ምክንያቱም የጎበጠ ብረት ጭነት ተጭኖት ሲዘረጋ ይረዝማልና መፈናፈኛ ይፈልጋል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ባሌስትራ የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው የመኪናውን ክብደት መሸከም ነው። ሁለተኛው፣ ማንም የማያስተውለው፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን አክስል ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንዳይሄድ ቦታው ላይ መያዝ ነው። ጎማው መኪናውን የሚገፋው በባሌስትራው በኩል ነው፤ ፍሬን ሲያዝም የሚጎትተው በእርሱ በኩል ነው። ጥቅልል ሞላ ግን መሸከም እንጂ መያዝ አያውቅም። ባሌስትራውን አውጥቶ ሞላ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው አክስሉን ያለ ጌታ ትቶታል።

ስለዚህ ባሌስትራን በሞላ መቀየር ማለት በእርግጥ ያንን ሁለተኛውን ሥራ ለሌሎች ብረቶች ማከፋፈል ማለት ነው። ከሻንሲው ተነሥተው አክስሉን ከፊት ለፊት የሚይዙ ክንዶች ያስፈልጋሉ፤ በተለመደው አሠራር ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። ከላይ ያሉትም ከሌሉ ነዳጅ ሲሰጥ ዲፈረንሻሉ፣ በአክስሉ ላይ ሆኖ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ያዞራል። ክንዶቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ደግሞ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ፓናርድ የሚባል፣ አንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ ሌላው አክስሉ ላይ የታሰረ አግድም ዘንግ ይጨመራል። የዲፈረንሻሉ ዝንባሌ በጥቂት ዲግሪ ከተዛባ ኃይል አስተላላፊው ዘንግ ይንቀጠቀጣል፣ የዘንጉ መገጣጠሚያ የሆነው ክሮቼራም ዕድሜው ያጥራል።

የፋብሪካዎቹ ታሪክ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ሸቭሮሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 ጀምሮ በቀላል ፒክአፖቹ ኋላ ላይ ረጃጅም ክንዶችና ሞላ አስገብቶ ነበር፤ በ1973 አዲሱን ሞዴል ሲያወጣ ግን ወደ ባሌስትራ ተመለሰ። ቶዮታ ደግሞ ከሃይሉክስ ጋር የሚቀራረበውን፣ ሰርፍ የተባለውን የቤተሰብ መኪና በ1989 ሲያድስ ኋላውን ወደ ሞላ ለወጠው፣ ሃይሉክስን ግን በባሌስትራው ተወው። አንደኛው ቤተሰብ ሊያጓጉዝ ነው የተሠራው፣ ሌላው ጭነት።

ጭነት ስል ቁጥሩን እንየው። ኋላው ባዶውን 500 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ ላይ 700 ኪሎ ድንች ቢጫን ሞላው የሚሸከመው 1,200 ኪሎ ይሆናል፤ ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለባዶው የሚመች ለስላሳ ሞላ በዚህ ጭነት ይተኛል፤ ለጭነቱ የሚበቃ ጠንካራ ሞላ ባዶውን ያዘልላል። የባሌስትራው ከታች ያለው ወፍራሙና እምብዛም ያልጎበጠው ብረት ለዚህ ነው የተቀመጠው፤ ጭነት እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ሲመጣ ትከሻውን ይሰጣል። ደግሞም ባሌስትራ ክብደቱን በየጎኑ ለሁለት የሻንሲ ቦታዎች ያካፍላል። ሞላ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገፋው፤ ለባሌስትራ የተሠራ አሮጌ ሻንሲ እዚያ ቦታ ላይ ማጠናከሪያ ካልተበየደለት ይሰነጠቃል።

ወደ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥር ገባና መጀመሪያ ያሳየን ባሌስትራውን አልነበረም። ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የሚወጣ ቀጭን ዘንግ በጣቱ ነካ። ዘንጉ የሚያንቀሳቅሰው ቫልቭ ኋላው በጭነት ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ጎማው እንዳይቆለፍ ይቀንሳል። «ጋሼ፣ ሞላ ስናስገባ ከፍታው ከተለወጠ ይህ ይሳሳታል» አለው አጎቴን። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት ሙሉ ጭነት ይዞ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኔ በበኩሌ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ስለ ሞላ መከራከር አቆምኩ።

ሻንሲ ላይ የሚደረግ ብየዳ በዓመታዊው ምርመራ ጥያቄ ሊያስነሣ እንደሚችልም አስቡ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ቦሎ ከተከለከለ በኋላ ከመመላለስ ይሻላል። እንዲህ ስል ለውጡ አይሆንም ማለቴ አይደለም። ጭነት የማይነካ፣ ለቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚወጣ መኪና ያለው ሰው የሰርፍን ክንዶች፣ ሞላና የሻንሲ መያዣዎች ሙሉውን አግኝቶ፣ ለክቶ በሚሠራ በያጅ ቢያስገጥም ልዩነቱን በመቀመጫው ያውቀዋል። ግማሽ ዕቃ ይዞ የሚጀመር ሥራ ግን አልመክርም።

የአጎቴ ባሌስትራ ሲፈታ በብረቶቹ መካከል በርበሬ የመሰለ የዝገት ዱቄት ረገፈ። የእያንዳንዱ አጭር ብረት ጫፍ በላዩ ያለውን ብረት ቦይ አውጥቶበታል። በማያያዣዎቹ ቀለበቶች ውስጥ የሚገቡት ትናንሽ ጎማዎች ቀዳዳ ክብነቱን ትቶ እንቁላል መስሏል። ብረቶቹ ዝገው ስለተያያዙ አንዱ በሌላው ላይ አይንሸራተትም ነበር፤ ትናንሹን ጉድጓድ ሁሉ እንዳለ ወደ ወንበሩ ያደረሰው ይህ ነው። መካኒኩ ብረቶቹን በሽቦ ብሩሽ ፈተገ፣ ቦይ የወጣባቸውን ሁለቱን ቀየረ፣ ግራሶ ቀባ፣ የማያያዣዎቹን ትናንሽ ጎማዎች አዲስ አደረገ፣ ውዝዋዜን የሚያበርዱትን አሞርዛተሮችም ለወጠ። አጎቴ «አንድ ብረት ቀንስልኝና ይለስልስ» ቢለው እምቢ አለ፤ ብረቱ ቢቀነስ ድርቆሹ አብሮት አይቀነስም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ባዶውን ወደ ሱሉልታ ተመለስን። ኋላው አሁንም ጠንካራ ነው፣ ግን አይዘልም። አጎቴ ከመኪናው ሲወርድ ወገቡን አልያዘም።