ከንቅለ ተከላ በኋላ ስለሚመጣው ሊምፎማ የሚወራውና እውነቱ

ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ሲጨዋወቱ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ንቅለ ተከላ ካንሰር ያመጣል አሉ።» ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። አንዱ ከለጋሹ ነው ይላል፣ ሌላው ከመድኃኒቱ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ «መድኃኒቱን ተወው» ብሎ ይመክራል። ይሄ የመጨረሻው በጣም ስለሚያስፈራኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሐኪሞች ፒቲኤልዲ ይሉታል። ቢ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከቁጥጥር ውጪ መባዛት ሲጀምሩ የሚመጣ ሲሆን፣ ሲብስ ሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፍ ካንሰር ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ አለ። ይህ ቫይረስ በፈረንጆቹ 1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለንደን ውስጥ የተገኘው ከኡጋንዳ ከመጣ የልጆች ዕጢ ናሙና ነው። አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ እዚያው ቢ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ቲ ሴሎች የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች እንደ ዘበኛ ስለሚጠብቁት ግን ምንም አያደርግም። ችግሩ ሰውነት የተተከለለትን አካል እንዳይገፋው የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ እነ ታክሮሊመስ፣ የሚያዳክሙት እነዚሁኑ ዘበኞች መሆኑ ነው።

«ቫይረስ ካለበት ይተላለፋል፣ አብራችሁ አትብሉ»

ካንሰሩ በጉርሻም በመሳሳምም አይተላለፍም። ቫይረሱ በምራቅ ይተላለፋል፣ እውነት ነው፤ ግን በዓለም ላይ ካሉ 10 አዋቂዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ይዘውታል፣ እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ሰው ገና በልጅነቱ ሳያውቀው ይይዘዋል። ስለዚህ ለታካሚው ለብቻው ሳህን መለየት ማንንም አያድንም፣ እሱን ብቻ ያስከፋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ራቅ ይበል፣ ያ ለታካሚው ሲባል ነው።

«ለጋሹ ካንሰር ነበረበት ማለት ነው»

ይሄ ወሬ ኩላሊቷን ለልጇ የሰጠች እናት ጆሮ ሲደርስ ምን እንደሚሰማት አስቡት። ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ልብ በተተከለላቸው ሰዎች ላይ የሚባዙት ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የታካሚው ናቸው። ከለጋሹ ሊመጣ የሚችለው ቫይረሱ ነው። ቫይረሱን አግኝቶት የማያውቅ ልጅ ከያዘው ሰው አካል ሲቀበል አደጋው ከፍ ይላል፣ ልጆች ላይ በሽታው የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህም ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለቱም ይመረመራሉ።

በመቅኒና በግንደ ህዋስ (ደም የሚሠሩ እናት ሴሎች) ንቅለ ተከላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ሴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ የለጋሹ ናቸው። እዚህ ላይ የአሜሪካዊውን ልጅ የዴቪድ ቬተርን ታሪክ ሳላነሳ አላልፍም። በ1971 ቴክሳስ ውስጥ የተወለደው በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖረው ስለነበር፣ ዕድሜውን ከጀርም በጸዳ የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ አሳለፈ። በ1983 መጨረሻ የእህቱ መቅኒ ተሰጠው። መቅኒው ውስጥ ያን ጊዜ ማንም ያላየው ቫይረስ ተደብቆ ነበር። በ1984 የካቲት ወር፣ በ12 ዓመቱ፣ ሊምፎማ ገደለው። እህቱ ጤነኛ ነበረች፣ የሰጠችውም በፍቅር ነው። ማንም አላጠፋም።

«አንድ ዓመት ካለፈኝ አመለጥኩ»

ለግንደ ህዋስ ታካሚዎች አብዛኛው አደጋ የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ላይ ነው። አካል ለተተከለለት ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ቢከብድም፣ ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ዘግይቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቫይረሱ እንኳን የለበትም። ስለዚህ «የቫይረስ ምርመራዬ ንጹሕ ነው» ብሎ እባጭን ችላ ማለት አይሆንም። በተቃራኒው ደግሞ ደም ውስጥ ቫይረሱ ታየ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም። ጥርጣሬውን የሚዘጋው ከእባጩ ተወስዶ የሚመረመረው ናሙና ነው።

«ያመጣው መድኃኒቱ ነው፣ ላቁመው»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይሄ የሚያሳስተው። በ1984 አሜሪካዊው የንቅለ ተከላ ሐኪም ቶማስ ስታርዝልና ባልደረቦቹ እነዚህ መድኃኒቶች ሲቀነሱ ወይም ሲቆሙ ሊምፎማው ሊጠፋ እንደሚችል አሳይተዋል። ዛሬም የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒቱን መቀነስ ነው። ግን የትኛው፣ ስንት፣ በምን ፍጥነት? ይህን የሚወስነው ክሪያቲኒኑን፣ ማለትም ኩላሊቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ እየተከታተለ ያለ ሐኪም ነው። በራስ ፈቃድ ካቆማችሁ ሰውነታችሁ ኩላሊቱን ይገፋዋል፣ ተመልሳችሁ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ትወድቃላችሁ። ልብ ወይም ጉበት ከሆነማ የሚመለሱበት ዲያሊሲስ እንኳን የለም። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር ለጋሾቹ የታካሚዎቹ ዘመዶች ነበሩ። ወንድም የሰጠው ኩላሊት ሁለተኛ አይገኝም። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ጸልዩ፣ ክኒናችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

«ፀረ ቫይረስ ክኒን ይበቃል» የሚሉም አሉ። አይበቃም። እነ አሲክሎቪር ሴል ውስጥ የተደበቀውን ቫይረስ አይነኩትም።

«ከያዘ አለቀ»

አላለቀም። መድኃኒት መቀነሱ ብቻውን ካልበቃ ቢ ሴሎችን የሚያጠፋው ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት አለ፣ ከዚያም ኬሞ። ቫይረሱን ለይተው የሚያጠቁ ቲ ሴሎችን ከጤነኛ ሰው ወስዶ መስጠትም ተጀምሯል፤ ታቤሌክሉሴል የሚባለው እንዲህ ያለ ሕክምና በ2022 መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ተፈቅዷል። ሁሉም ሰው ይድናል አልልም፣ በተለይ አንጎል ውስጥ ሲሆን ይከብዳል። ብዙ ሰው ግን ይድናል፣ በጊዜ ሲደረስበት ደግሞ ይበልጥ።

«የአንገት እባጭ ቲቢ ነው»

ይሄ የእኛ አገር ጉዳይ ነው። የእጢ ቲቢ እኛ ጋ ስለሚበዛ አንገት ላይ እባጭ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ሲታይ ሁሉም ቲቢን ያስባል። ሊምፎማውም በእነዚሁ ምልክቶች ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ የሆድ ሕመም፣ ጥቁር ሰገራ ወይም የልጅ ቶንሲል ማበጥ ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን በጣም ስለሚያወርደው ሳይታሰብ ከተጀመረ ኩላሊቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የትኛውም ክሊኒክ ስትገቡ፣ ሕንድም ቱርክም ተተክሎላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ ገና ከበሩ «ንቅለ ተከላ አለኝ፣ የምወስደው መድኃኒት ይሄ ነው» ብላችሁ ወረቀታችሁን አሳዩ፣ ናሙና ይወሰድልኝ ወይ ብላችሁም ጠይቁ።